ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያንና የትንፋሽ መሣሪያዎች በዘፈናችን ውስጥ

ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ ጓደኞቻችን ነገሥታትን፣ ጦረኞችንና የቅኔ ሊቃውንትን መረጡ። እኛ የመረጥናቸው ሰው ግን ዘውድ ያልጫኑ፣ ጦር ያልሰበቁ፣ ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ ያልነገሩ ናቸው። ሥራቸው በወረቀት ላይ ኖታ መጻፍና ሰው ማስተማር ነበር። ስማቸው ነርሲስ ናልባንዲያን ይባላል። በዘመናቸው የውጭ ተወላጅ ሁሉ ሙሴ እየተባለ ይጠራ ስለ ነበር፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ ሙሴ ነርሲስ እንላቸዋለን። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጠይቀን ስማቸውን የሚያውቅ ብዙ ሰው አላገኘንም፤ የድካማቸውን ፍሬ ግን ሬዲዮ ከፍቶ የሚያውቅ ሁሉ ሰምቶታል።

እኚህን ሰው እንድንመርጥ ያበቃን በሙዚቃ ክበባችን ውስጥ የተነሣ ክርክር ነው። ለበዓሉ ቀን የሚቀርበውን ዘፈን ስናሰናዳ ክበቡ ከሁለት ተከፈለ። እኩሌቶቻችን፣ አገራችን የድጓ፣ የአዝማሪና የእረኛ ዋሽንት አገር ስለ ሆነች በበዓላችን ቀን ከማሲንቆ፣ ከከበሮና ከዋሽንት በቀር ሌላ መሣሪያ ሊሰማ አይገባም አልን። እኩሌቶቻችን ደግሞ፣ ሳክስፎንና ትራምፔት የሌለበት ዘፈን ለዛሬ ጆሮ ባዶ ስለሚሆን፣ በሰፈር ኦርጋን የምንለውን ኪቦርድ ተውሰን እናምጣ፤ አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ትራምፔት፣ ሌላውን ሲጫኑት ቫዮሊን ያሰማል አልን። ነገሩ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ፤ በመካከሉም ሁለት የልብ ጓደኛሞች እስከ መኳረፍ ደረሱ።

አንድ ቀን ከመካነ ኢየሱስ የመጣች ጓደኛችን፣ እናቷ እንጀራ ሲጋግሩ የሚያንጎራጉሩትን የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን በስልኳ አሰማችን። የማሲንቆው ወገን ሁሉ በአንድ ቃል ይህማ የራሳችን ነው አለ። እርስዋም ዘፈኑን እንደ ገና ከመጀመሪያው ከፍታ፣ ድምፃዊውን ትታችሁ ከበስተኋላው ያለውን ብቻ አድምጡ አለችን። አደመጥን። ትራምፔቶች ነበሩ፤ ሳክስፎኖችም ነበሩ። ከእናቶቻችን ምጣድ አጠገብ አርባና ሃምሳ ዓመት የኖረው፣ የራሳችን ያልነው ዘፈን፣ ከባሕር ማዶ በመጣ ናስ ተሞልቶ ኖሯል። እነዚህን መሣሪያዎች ማን አመጣቸው? ከመጡስ በኋላ የእኛን ዜማ ማን አስተማራቸው? ይህን ስንፈልግ ነው ከሙሴ ነርሲስ ስም ጋር የተገናኘነው።

ወደ ታሪካቸው ከመግባታችን አስቀድሞ ግን፣ እርሳቸው የገጠማቸውን ሥራ ለመረዳት የአገራችንን ዜማ ጥቂት ማሰብ ያስፈልጋል። በቤተልሔም ድጓ ይመሰከራል፤ በዙር አባ ዝማሬና መዋሥዕት ይዘለቃል፤ በደብረ ታቦር አቋቋም ይማሩበታል። ዜማን በምልክት መጻፍም ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩልን ሊቃውንቱ ይነግሩናል። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ትምህርት ውስጥ መቶ ዘማሪ ቢቆም መቶው የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው። አዝማሪም እንዲሁ ነው፤ ማሲንቆው የዘፋኙን ዜማ እንደ ጥላ ይከተለዋል እንጂ ሌላ ዜማ ይዞ በአጠገቡ አይሄድም። የናስ መሣሪያዎች ልዩ ልዩ ድምፅ እየሰጡ አንድ ነገር የሚናገሩበት ጥበብ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከውጭ ነው።

የገባበትም መንገድ እንዲህ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩስያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የናስ መሣሪያዎች በስጦታ ላኩ፤ እነዚህም ለማርሽና ለአቀባበል ይነፉ ጀመር። ከዚያ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች በትንፋሽ መሣሪያ ሲቀበሏቸው ሰሙ። ልጆቹ በቱርክ አገር በአርመኖች ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ነበሩ። ራስ ተፈሪ የአርመኑን ፓትርያርክ አስፈቅደው አርባውንም ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ እስከ ዛሬም አርባ ልጆች በሚለው ስም ይታወቃሉ። መሪያቸውና አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ከ1923ቱ ዘውድ በዓል ጀምሮ እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ የተዘመረውን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር፣ ዜማውን ያዘጋጁት እኚሁ ኬቮርክ ሲሆኑ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ሙሴ ነርሲስ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ናቸው።

ሙሴ ነርሲስ እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 1915 ዓይንታብ በምትባል ከተማ ተወለዱ፤ ይህች ከተማ ዛሬ በቱርክ ውስጥ ጋዚያንቴፕ ትባላለች። የተወለዱበት ዓመት ለአርመን ሕዝብ የመከራ ዓመት ነው። ሕፃኑ ገና ዓመት ሳይሞላው የዓይንታብ አርመኖች ከቤታቸው እየተነቀሉ ወደ ምድረ በዳ መነዳት ጀመሩ። የናልባንዲያን ቤተ ሰብ በሶርያ፣ በሐለብ ከተማ ተጠለለ፤ ነርሲስም ያደጉት በዚያ ነው። እንግዲህ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይህ አገሬ ነው የሚሉት መሬት አልነበራቸውም። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አጎታቸው ወዳሉበት ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ አገራችን በኢጣልያ ወረራ ሥር ነበረች። ስደተኛው የመጣው ባለቤቶቹ ራሳቸው በስደትና በዱር ወዳሉበት አገር ነው ማለት ነው።

ከነፃነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ መሪ ሆኑ። መሪ ሲባል ብዙ ሰው በሰዎች ፊት ቆሞ ዘንግ የሚያወዛውዘውን ብቻ ያስባል። እኛም እንደዚያ ነበር የመሰለን። ሥራው ግን አብዛኛው የሚሠራው ማንም በማያይበት ሰዓት ነው። አንድ ዘፋኝ ዜማውን በቃሉ ይዞ ይመጣል፤ በወረቀት የተጻፈ ነገር የለውም። መሪው ዜማውን እየሰማ በኖታ ይጽፈዋል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱን ወረቀት ያዘጋጃል። በዚህ ላይ መሣሪያዎቹ ራሳቸው እርስ በርሳቸው አይግባቡም፤ ትራምፔት ነፊ በወረቀቱ ላይ ዶ አይቶ የነፋው ድምፅ በፒያኖ ላይ ሲ ቤሞል ሆኖ ይገኛል፤ አልቶ ሳክስፎን ነፊ ያንኑ ዶ ቢነፋ ሚ ቤሞል ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ሁሉም አንድ ድምፅ እንዲያሰሙ ከተፈለገ የሁሉም ወረቀት ልዩ ልዩ መሆን አለበት። እኛ ይህን የተማርነው ሁለት ሰዎች አንዱን ወረቀት ተካፍለው በኪቦርድና በትራምፔት ሲሞክሩ ጆሮአችንን ይዘን ከክፍል ከወጣን በኋላ ነው። ፎቶ ኮፒ በሌለበት ዘመን ይህ ሁሉ በእጅ እየተጻፈ ይታደል እንደ ነበር ስናስብ የሰውዬው ትዕግሥት ያስደንቀናል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ይህን ለማስረዳት ወደ ልጅነታችን እንመለስ። እኛ በመጀመሪያ ደረጃ የተማርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ነበር፣ መዝሙር ስንዘምር በአራት ድምፅ እየተከፈልን ነበር፤ ሴቶች ላይኛውንና ሁለተኛውን፣ ወንዶች ሦስተኛውንና ወፍራሙን እንይዛለን። ከውጭ የመጣው መዝሙር በዚህ ሥርዓት ሲዘመር ያምራል። አንድ ቀን ግን የአገራችንን ዜማ በዚያው ሥርዓት እንዘምር ብለን ብንሞክር ዜማው ጠፋብን። ምን እንደ ሆነ ያኔ አልገባንም ነበር፤ አሁን ግን ገብቶናል። ትዝታን እንውሰድ። አንደኛው የትዝታ ዓይነት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ በሚባሉት አምስት ድምፆች ይሄዳል፤ ፋና ሲ የሉበትም። በአውሮጳ ሥርዓት ደግሞ በሶል ላይ የሚቆመው ኅብረ ድምፅ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ነው፤ በሬ ላይ የሚቆመው ሬ፣ ፋ፣ ላ ነው። አቀናባሪው በመጽሐፉ እንደ ተጻፈው ፋንና ሲን ቢያስገባ ትዝታው ትዝታነቱን ይለቃል፤ ሰሚውም የሆነ ነገር እንደ ጎረበጠው ያውቃል እንጂ ምን እንደ ጎረበጠው አያውቅም። ፈጽሞ ባያስገባ ደግሞ ያ ሁሉ መሣሪያ አንድ ዜማ በአንድነት ከመጮኽ በቀር ሥራ አያገኝም። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው እንቆቅልሽ አላቸው።

ሙሴ ነርሲስ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ እንቆቅልሽ ነው። የውጭውን ሥርዓት አምጥተው በእኛ ዜማ ላይ አልጫኑም፤ የእኛንም ዜማ ለብቻው ትተው የውጭውን ብቻ አላስተማሩም። ቅኝቱን ከነአምስት ድምፁ ይዘው፣ ለመሣሪያዎቹ የሚሆነውን መንገድ ከዚያው ውስጥ ፈለጉ። የዚያን ዘመን ዘፈኖች ስናዳምጥ ይህ መንገድ ምን እንደሚመስል ይገባናል። ዘፋኙ ስንኙን ሲጨርስና ትንፋሹን ሲሰበስብ ትራምፔቶቹ ይመልሳሉ፤ ሳክስፎኖቹ ከሥር ሆነው ዜማውን በትከሻቸው ይዘው ይቆያሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያርፋል። በሠርግ ቤት አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ እንደሚቀበለው ማለት ነው። በእኛ አስተያየት የኦርኬስትራ መሣሪያ በዘፈናችን ውስጥ ያገኘው ውበት ከዚህ የመጣ ነው። ጮኾ ስለሚሰማ ወይም ከሠለጠነ አገር ስለ መጣ ቢሆን ኖሮ እናቶቻችን ከምጣድ አጠገብ ይዘውት ባልኖሩ ነበር። ተቀባይ ሆኖ ስለ ገባ ነው ሰዉ የወደደው።

መሣሪያዎቹ ራሳቸውም ለዚህ የሚሆን ጠባይ እንዳላቸው መናገር አለብን። ፒያኖ በሁለት ቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅ ሊሰጥ አይችልም። የማሲንቆ ጣት ግን በክሩ ላይ ተንሸራትቶ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ በመካከሉ ያለውን ሁሉ ያሰማል፤ ውበቱም ከዚያ ላይ ነው። ከባሕር ማዶ ከመጡት መሣሪያዎች መካከል ይህን የሚችሉ አሉ። ትሮምቦን በሚሳበው ክንዱ እንደ ማሲንቆ ይንሸራተታል። ቫዮሊንም ያው ባለ ክርና ባለ ደጋን ስለ ሆነ የማሲንቆ ሩቅ ዘመድ ይመስለናል። ሳክስፎን ደግሞ፣ የቤልጅጉ አዶልፍ ሳክስ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1846 በስሙ ካስመዘገበው ወዲህ ብዙ አገር የዞረ መሣሪያ ሲሆን፣ ነፊው ከንፈሩን ጠበቅና ላላ በማድረግ ድምፁን እንደ ሰው ጉሮሮ ሊያስለቅሰው ይችላል።

ለዚህ ከሁሉ የበለጠው ምስክር አቶ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። በይፋት አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወልደው፣ በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ከተለማመዱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ገና የዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ልጅ ሳሉ ወደዚያው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ገቡ። እኚህ ሰው ሽለላን በሳክስፎን ነፉት። አንባብያን ሆይ፤ ሽለላ በእኛ አገር ምን እንደ ሆነ መንገር አያሻንም፤ በስማዳም በእስቴም ሠርግና ለቅሶ ላይ ጠጉራችንን ያቆመናል። ቃል ያለውን ሽለላ ቃል በሌለው ናስ መንፋት የማይሆን ይመስላል፤ የአቶ ጌታቸውን ሳክስፎን የሰማ ሰው ግን ሲያቅራራ፣ ሲቆጣ፣ ሲፎክር፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማዋል። የክበባችን አባል የሆነ አንድ የስማዳ ልጅ በመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማው ሳያውቀው ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆሞ ነበር። እኚህ ሰው በ2008 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ያንኑ ሽለላ በአውሮጳ መድረኮች ላይ ሳይቀር ነፍተዋል።

በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የሃያ አምስተኛ ዓመት በዓል ሲከበር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ጥቂት ቆይቶም ሙሴ ነርሲስ የዚህን ቴአትር ኦርኬስትራ ያዙ። በዚያን ጊዜ የሙዚቃ ጓድ ያለው የመንግሥት ቤት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ክፍሎች የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው፤ ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር፣ ሌሎችም ከሌሎቹ ጋር ሆነው ስማቸውን አገኙ። በየጓዱ ከፖላንድ፣ ከኦስትሪያና ከሌላም አገር የመጡ መምህራን ስለ ሠሩ፣ ሙሴ ነርሲስ ይህን ሁሉ ለብቻቸው አደረጉት ብንል ሐሰት ይሆናል። ብዙዎቹ መምህራን ግን ውላቸው ሲያልቅ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሙሴ ነርሲስ የሚመለሱበት አገር አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላም እያስተማሩ፣ መዘምራን እየመሩ፣ ዘፈን እያቀናበሩ በአዲስ አበባ ኖሩ።

እዚህ ላይ ልባችንን የነካንን አንድ ነገር ሳንጽፍ ብናልፍ አይሆንልንም። እኚህ ሰው ለኢትዮጵያ ዘፋኞች ሲያቀናብሩ፣ የኢትዮጵያን ቅኝት ለኢትዮጵያውያን ልጆች በኖታ ሲያስተምሩ፣ ብዙ ዓመት ያለ ዜግነት ነበር የኖሩት። ዜግነት ያገኙት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ነው። በክበባችን ክርክር ውስጥ ስለ ትራምፔት ይህ የእኛ አይደለም ስንባባል፣ በውነቱ ለሰውም ቢሆን ይህንኑ ቃል ምን ያህል በቀላሉ እንደምንናገረው አላሰብንም ነበር። መሣሪያው የእኛ የሚሆነው መቼ ነው? ናሱ እዚሁ ሲቀልጥ ነው? ወይስ የእኛን ዜማ ሲናገር? ክርክሩ በክበባችን ውስጥ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ይህን የምንጽፈው እኛም በሁሉ ነገር አንድ ልብ አይደለንም።

ይልቁንም የማሲንቆው ወገን ጓደኞቻችን ያነሡት አንድ ጥያቄ እውነት ስላለበት እንጻፈው። በእነዚያ ዓመታት ናሱ በመድረኩ ሲሰለጥን ክራሩና ማሲንቆው ወደ ዳር ተገፍተዋል። አንዲት ክራር በስምንት ትራምፔትና ሳክስፎን መካከል ብትቀመጥ ማን ይሰማታል? ይህን ያዩ ሰዎች በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ ሞክረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ በገናን፣ ዋሽንትን፣ እምቢልታንና መለከትን በአንድ መድረክ ሰብስቦ፣ የውጭ መሣሪያ ሳይጨምር ኅብረ ድምፅ እንዲያሰሙ አደረገ። እኛ ሁለቱንም መንገድ እንወዳለን። እንዲያውም ሁለቱ የሚለያዩ አይመስለንም፤ አንደኛው የውጭውን መሣሪያ የእኛን ዜማ አስተማረ፣ ሁለተኛው የእኛን መሣሪያ በኅብረት መሥራትን አስተማረ።

እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ሸክላ በግል ነጋዴዎች መታተም ሲጀምር እነዚህ መሣሪያዎች ከመንግሥት ቤት ወጥተው ወደ ሆቴልና ወደ ጭፈራ ቤት ገቡ፤ ከኦርኬስትራዎቹ የወጡ ነፊዎች ትናንሽ ባንዶች አቋቋሙ። ሙላቱ አስታጥቄም ከውጭ ትምህርቱ ተመልሶ የአምስቱን ድምፅ ቅኝትና ጃዝን ያጋባው በዚያው ዘመን ነው። ነገር ግን ጊዜው አጭር ነበር። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሌሊቱ ዝም አለ። ሙሴ ነርሲስ እ.ኤ.አ. በ1977፣ በዚያ በጨለመ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ። ስደት በተወለዱበት ዓመት የጀመረባቸው ሰው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚሰደዱበት ዓመት በኢትዮጵያ መሬት ተቀበሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ካሴትና ኪቦርድ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስምንት ነፊ ስምንት ደመወዝ ይፈልጋል፤ መኪናም ቢሉ ትልቅ መኪና ይፈልጋል። ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ግን አንድ ነው፤ ትራምፔቱንም ቫዮሊኑንም በሁለት እጁ ይዞት ይሄዳል። እንግዲህ ልብ ብለን ብናየው፣ ነፊዎቹ ከወጡ በኋላ እንኳ ዘፋኞቹ ድምፃቸውን አልተዉትም፤ ሰዉ ከለመደው ወዲያ ያለ ናስ ዘፈን አልጣፈጠውም፤ ስለዚህ ናሱ ሲቀር ምስሉ በቁልፍ ውስጥ ተቀመጠ። እኛም ተውሰን ልናመጣው የነበረው ይህንኑ ምስል ነበር።

የሙሴ ነርሲስ ስም እንደ ገና የተነሣው በሩቅ አገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ ኢትዮፒክስ በሚል ስም የድሮ ዘፈኖቻችን በተከታታይ ሲታተሙ ዓለም ትራምፔታችንንና ሳክስፎናችንን ሰማ። በዚሁ ተከታታይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሠላሳ ሁለተኛው ቅጽ የእርሳቸው መታሰቢያ ሲሆን፣ ሥራዎቻቸውን የተጫወተው አይዘር ኦርኬስትራ የሚባል የአሜሪካ የሙዚቃ ጓድ ከኢትዮጵያውያን እንግዶች ጋር ነው። በአልበሙ ርእስ ላይ ናልባንዲያን ኢትዮጵያዊው ተብለዋል።

አሁን ወደ ክበባችን እንመለስ። በከተማችን በነፋስ መውጫ የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው በማርሽ ባንድ ያገለገሉ አንድ አዛውንት አሉ፤ እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ወሬያችንን ሰምተው አንድ አሮጌ ትራምፔት ከሳጥናቸው አውጥተው አዋሱን። ከተማችን ነፋስ መውጫ ተብላ ሳለች አንድም ትንፋሽ የሚያወጣ መሣሪያ በትምህርት ቤቷ አለመኖሩን እየቀለዱ ከንፈር አያያዝ አስተማሩን። ኪቦርዱን ጨርሰው አልነቀፉትም፤ ነገር ግን ኪቦርድ ትንፋሽ ስለማያጥረው ከዘፋኙ ጋር የት ማረፍ እንዳለበት አያውቅም አሉን። ይህን ከነገሩን በኋላ ክበባችን ተስማማ፤ ማሲንቆው ይምራ፣ ዘፋኙ ይከተል፣ ትራምፔቱ ይቀበል፣ ኪቦርዱ ከሥር ወፍራሙን ድምፅ ይያዝ አልን። የተኳረፉትም ሁለት ጓደኛሞች ታርቀው፣ አንዱ ማሲንቆ አንዱ ኪቦርድ ይዟል።

አንድ ችግር ግን ገጠመን። ትራምፔቱ ካሉት ሦስት መጫኛዎች መካከለኛው ከብዙ ዓመት ዝምታ የተነሣ ዝጎ ተጣብቋል፤ ዘይት ቢጨመርበትም አልላወስ አለ። ሥራው የተበላሸ መስሎን አዝነን ሳለ ጋሼ መሣሪያውን ተቀብለው አንደኛውንና ሦስተኛውን መጫኛ ብቻ እየነኩ፣ ከንፈራቸውንም ጥቂት ጠበቅ እያደረጉ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለው ወጡ። የጎደለው ሲ ነበር፤ እርሱን ደግሞ ትዝታችን አይፈልገውም። የስማዳው ልጅ በየማታው በዚያው በሁለቱ መጫኛ እየተለማመደ ነው፤ ከንፈሩ አብጧል፤ ለበዓሉ የቀሩት ዐሥራ አንድ ቀኖች ናቸው።